ይሙት በቃ ከተባለ በኋላ

ከመቶ ሰማንያ ዓመት ገደማ በፊት ትግራይ ውስጥ የኖረ ማንስፊልድ ፓርኪንስ የሚባል እንግሊዛዊ መዝግቦ ያቆየው አንድ የፍርድ ታሪክ አለ። ልጆች ፍሬ ሊለቅሙ ይሄዳሉ። አንደኛው ዛፍ ላይ እንደወጣ ያመልጠውና ከታች በነበረው ጓደኛው ላይ ይወድቃል። የታችኛው ልጅ ይሞታል። የሟች ወገኖች የወደቀውን ልጅ ዳኛ ፊት አቆሙት፤ ደማችን ይመለስልን፣ ካልሞተ አንሰማም አሉ። ዳኞቹም ብዙ ከተመካከሩ በኋላ ፈረዱ፦ ጥፋተኛው እዚያው ዛፍ ሥር ይቁም፤ የሟች ወንድም ደግሞ ዛፉ ላይ ይውጣና እንደዚያኛው ወድቆበት ይግደለው። እናቲቱ ሁለተኛ ልጇን ከዛፍ ላይ ለመጣል አልደፈረችም። ክሷን ተወች።

ይህን ታሪክ የሚያወሩ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ለማሳቅ ነው የሚያወሩት። እኔ ግን የዳኞቹ ብልሃት ያስገርመኛል። ይቅር በዪ ብለው አልመከሯትም፤ መብትሽ አይደለም ብለውም አላባረሯትም። የጠየቀችውን ሁሉ ሰጧት። የተጨመረባት ነገር ቢኖር ግድያው በራሷ ቤት ሰው እጅ እንዲፈጸም፣ ዋጋውንም ራሷ እንድትመዝን መደረጉ ብቻ ነው። ስለ ሞት ቅጣት ባሰብኩ ቁጥር ወደዚህ ዛፍ የምመለሰው ለዚህ ነው። የአገራችን የይሙት በቃ ታሪክ ሲጠቃለል የገመድና የጥይት ታሪክ ይመስላል። ለእኔ ግን ከዚያ ይልቅ የይቅርታ ሥልጣን ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንደተሻገረ የሚናገር ታሪክ ነው።

በድሮው ሥርዓት ነፍስ ያጠፋ ሰው ሞት ከተፈረደበት ለሟች ወገን ይሰጥ ነበር። ፍትሐ ነገሥት፣ ያ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግብፃዊው ኢብን አል አሳል ተሰናድቶ በኋላ ወደ ግእዝ የተመለሰው መጽሐፍ፣ ሆን ብሎ የገደለን ሰው በሞት ይቀጣል። አፈጻጸሙ ግን የአገሬው ነበር። በጦር የገደለ በጦር፣ በጠመንጃ የገደለ በጠመንጃ፤ ገዳዩም የሟች ወንድም ወይም አባት። ነገር ግን በፍርዱና በግድያው መካከል ሰፊ ሜዳ ነበረ። የገዳይ ወገን ድንጋይ ተሸክሞ ይመጣል፣ ካህናት መስቀል ይዘው ይለምናሉ፣ ሽማግሌዎች ቀጠሮ ይለምናሉ፣ የደም ካሳው መጠን ይነሳል ይወድቃል። በኦሮሞ ዘንድ ደግሞ ጉማ የራሱ የሆነ ጥብቅ ሥርዓት ያለው የእርቅ መንገድ ነበር፤ ዛሬም አለ። የሟች ወገን እስከ መጨረሻዋ ሰዓት ድረስ "ተውኩት" ማለት ይችል ነበር። ይህን ቃል ከእሱ በቀር ሊናገርለት የሚችል ሰው አልነበረም።

ያን ዘመን ላሳምረው አልፈልግም። ካሳ መክፈል የቻለ ነፍሱን ይገዛል፤ ያልቻለ ይሞታል። በፍርድ ያልተቋጨ ደም ደግሞ ለልጅ ልጅ ይተርፋል፤ ደም መላሽ እየተባለ ስንት ቤት ተዘግቷል። የሴት፣ የባሪያና የደሃ ደም ስንት ይከፈልበት እንደነበር ማሰብ ራሱ ይከብዳል። ሆኖም ዛሬ በምናውቀው የሞት ቅጣት ውስጥ የሌለ አንድ ነገር ነበረው፤ ይሙት የሚለው ሰው የሚሞተውን ፊት ለፊት ያየዋል።

ነገሥታቱ ይህን ሥልጣን ቀስ በቀስ ወደ ራሳቸው ሰበሰቡት። በየአውራጃው ያለ ገዥ ይሙት በቃ ቢል እንኳ ንጉሡ ካላጸደቀው አይፈጸምም የሚለው ሥርዓት ጸና። ይህ በጎ ነገር ነበር፤ ስንት ሰው ከአንድ ቁጡ ደጃዝማች እጅ እንዳተረፈ መገመት ይቻላል። ግን የንጉሡም ቁጣ ገደብ አልነበረውም። አፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. የመቅደላ ጦርነት ሊጀመር ሰዓታት ሲቀሩት ውኃና እንጀራ ብለው የጮኹ እስረኞችን ከገደል አስወርውረዋል፤ ሁለት መቶ ገደማ ነበሩ። የእንግሊዝ ወታደሮች ሬሳቸውን ከገደሉ ሥር አገኙት። አዲስ አበባ ከተቆረቆረች በኋላ ደግሞ አራዳ ገበያ፣ ጊዮርጊስ አካባቢ፣ መስቀያ የነበረ ትልቅ ዛፍ እንደነበር የዘመኑ መንገደኞች ጽፈዋል። በርበሬና ጨው የሚሸምት ሰው ከሥሩ ያልፋል።

ከዚያ ዛፍ ብዙም ሳይርቅ ዛሬ የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ቆሟል። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣልያ ወታደራዊ ችሎት ሞት ፈርዶባቸው በጥይት ተደበደቡ። ችሎት ነበረ፣ ዳኞች ነበሩ፣ ክስ ነበረ። ይህን የማነሳው አቡኑ ሰማዕት መሆናቸው የሚያጠራጥር ሆኖ አይደለም፤ የሞት ፍርድ የሚባለው ነገር ስንቱን ልብስ እንደሚለብስ ለማሳየት ነው። ጉልበት ያለው ሁሉ ዳኛ አስቀምጦ ይሙት ሊያሰኝ ይችላል። ስለ ኢጣልያ ወደ በኋላ እመለሳለሁ።

ከነፃነት በኋላ የመጣው ታሪክ ለእኔ ከዚህም ይከብዳል። በላይ ዘለቀ በጎጃም አምስት ዓመት ሙሉ ጠላትን ሲያርበደብድ የኖረ አርበኛ ነበር። ከድሉ በኋላ ከመንግሥት ጋር ተጣላ፣ ሸፈተ፣ ተያዘ፣ ሞት ተፈረደበት። በጥር 1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተሰቀለ። እንደ ሕጉ ቢታይ መንግሥት የራሱ ክርክር ነበረው፤ ያመፀ ሰው ነው ይል ነበር። ዛሬ ግን በዚያችው ከተማ በስሙ የሚጠራ መንገድ አለ። ፈራጆቹን የሚያስታውሳቸው የለም።

በመጋቢት 1953 ዓ.ም. ተራው የጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ ሆነ። የታኅሣሡ መፈንቅለ መንግሥት ከከሸፈ በኋላ ለፍርድ ቀርበው ተክለሃይማኖት አደባባይ ላይ በሕዝብ ፊት ተሰቀሉ። አጎቴ ያን ጊዜ ተማሪ ነበር፤ መርካቶ አጠገብ ነው ያደገው። ከትምህርት ቤት ጠፍቶ ሄዶ አይቷል። እኔ ልጅ ሆኜ ስለ ጄኔራሉ ስጠይቀው የሚነግረኝ ስለ አንዲት ቆሎ ሻጭ ነበር። ሕዝቡ መሐል እየተሹለከለከች በጣሳ እየሰፈረች ትሸጥ ነበር አለኝ፤ ሰው ዓይኑን ከመስቀያው ሳያነሳ እጁን ብቻ ይዘረጋላት ነበር። እሱም በስሙኒ ገዝቶ በላ። ማታ አያቴ የት እንደዋለ ሲሰሙ ገረፉት። ከትምህርት ቤት በመጥፋቱ ነው ብሎ አስቦ ነበር። "ሰው ሲሞት ለማየት ነው የሄድከው? የሚያለቅስ ዘመድ የለውም?" አሉት እየገረፉት። አያቴ ፖለቲካ የሚያውቁ ሰው አልነበሩም፤ ንጉሡን የሚወዱ ነጋዴ ነበሩ። የተሰቀለው ሰው ጥፋተኛ አይደለም ብለውም አይደለም። ለቅሶ እንጂ ትርኢት የሚታይበት ነገር አይደለም ማለታቸው ነው። ይህ በመጽሐፍ ያልተጻፈ ስሜት በብዙ የኢትዮጵያ ቤቶች ውስጥ እንደነበረ አምናለሁ። ችግሩ አደባባዩ ሁልጊዜ ይሞላል።

ያ ስቅላት ሲፈጸም አገሪቱ ዘመናዊ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ካወጣች አራት ዓመት ገደማ ሆኗታል። የ1949ኙን ሕግ ያረቀቁት የስዊዘርላንዱ ምሁር ዣን ግራቨን ነበሩ። የሳቸው አገር በሰላም ጊዜ የሚፈጸም የሞት ቅጣትን ከሕጓ ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ1942 ነው። ለኛ ግን አስቀሩልን። ምክንያታቸውም የሞት ቅጣት በሕዝቡ እምነትና ስሜት ውስጥ ሥር የሰደደ ነው የሚል ነበር። አልፈርድባቸውም፤ ደም ያፈሰሰ ደሙ ይፍሰስ የሚል ሕዝብ አይተዋል፤ መንግሥት ካልገደለ ዘመድ ይገድላል ብለው ሰግተዋል። ነገር ግን ግማሹን ብቻ ነው የወሰዱት። የሕዝቡን ስሜት ሲጠቅሱ የበቀሉን ወሰዱ፤ ድንጋይ ተሸክሞ የሚለምነውን፣ መስቀል ይዞ የሚያስታርቀውን፣ "ተውኩት" የምትለውን እናት ተዉአት። ዘመናዊው ሕግ ሰይፉን ከሟች ቤተሰብ እጅ ወስዶ ለመንግሥት ሰጠ፤ ይቅርታውንም አብሮ ወሰደ። ከዚያ በኋላ የሟች እናት ፍርድ ቤት የኋላ ወንበር ላይ የምትቀመጥ ተመልካች ሆነች።

መንግሥት ሁለቱንም ሲይዝ ምን እንደሚሆን በ1967 ታየ።

ደርግ ሲመጣ መፈክሩ "ኢትዮጵያ ትቅደም፣ ያለ ምንም ደም" ነበር። የቀድሞ ባለሥልጣናትን ጥፋት የሚያጣራ መርማሪ ኮሚሽንም ተቋቁሞ ሥራ ላይ ነበር። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት ግን ስልሳዎቹ ተረሸኑ። ሁለት ጠቅላይ ሚኒስትሮች፣ አክሊሉ ሀብተ ወልድና እንዳልካቸው መኮንን፣ ልዑል ራስ አሥራተ ካሣ፣ የንጉሡ የልጅ ልጅ ሪር አድሚራል እስክንድር ደስታ፣ ሚኒስትሮች፣ ጄኔራሎች። ጄኔራል አማን አንዶም ቤታቸው ተከበው በተኩስ ነው የሞቱት፤ ሌሎቹ ዓለም በቃኝ በሚባለው የአዲስ አበባ ወኅኒ ቤት ውስጥ። ክስ አልተነበበላቸውም። የደርግ አባላት ስም እየተጠራላቸው እጅ እያወጡ ነው የወሰኑባቸው። በማግሥቱ ሕዝቡ በሬዲዮ ሲሰማ የተነገረው "ፖለቲካዊ ውሳኔ" በሚል ነበር።

እዚህ ላይ የሚያንገበግበኝ የሟቾቹ ማንነት አይደለም። ከእነዚያ ሰዎች መካከል የወሎን ረሃብ የደበቁ፣ ለፍርድ መቅረብ የነበረባቸው ነበሩ። እኔን የሚያስጨንቀኝ የእጅ ማውጣቱ ቅለት ነው። እጃቸውን ያወጡት ሰዎች አንዱም በማግሥቱ ከሟቾቹ ሚስቶች ጋር ዓይን ለዓይን አይተያይም። ደግሞ አንዴ በስልሳ ሰው ላይ እጅ ካወጡ በኋላ፣ በስድስት መቶ ላይ ማውጣት፣ ከዚያም ማውጣቱን ራሱን ለቀበሌ ጥበቃ መስጠት ብዙም አልራቀም። ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ "ነፃ እርምጃ" የሚባል ነገር መጣ። ቀይ ሽብር ሲሆን ፍርዱም፣ ይግባኙም፣ ማጽደቁም፣ አፈጻጸሙም በአንድ ጎረምሳ ሽጉጥ ውስጥ ተጠቃለለ። ልጃቸው የተገደለባቸው እናቶች እንዳያለቅሱ ተከለከሉ፤ ሬሳ ለመውሰድ የጥይት ዋጋ የተጠየቁ ቤተሰቦች ዛሬም በሕይወት አሉ።

መስቀል አደባባይ ጥግ ያለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም በ2002 ዓ.ም. ተከፈተ። ከጅምላ መቃብር የወጡ አጥንቶች በመስታወት ሣጥን ተደርድረዋል፤ ከአጠገባቸው የሟቾቹ ልብስና ጫማ። ግድግዳው ሙሉ ፎቶግራፍ ነው፤ አብዛኛው የተማሪ ፎቶ፣ አፍሮ ጠጉር፣ ሰፊ ኮሌታ። ለምርመራው የመጡት አርጀንቲናውያን የአፅም ባለሙያዎች በአንድ የጅምላ መቃብር ያገኟቸው ሟቾች አንገታቸው ላይ የታሰረው የናይሎን ገመድ እንዳለ ነበር። ናይሎን አይበሰብስም። እዚያ ቤት የገባ ሰው ሞት ቅጣት ስለሚባል ነገር በረጋ ድምፅ ማውራት ይከብደዋል፤ እኔንም ይከብደኛል። ምክንያቱም እዚያ ቆሜ የመጀመሪያ ሐሳቤ "እነዚህን የገደሉ ሰዎች ሞት ሲያንሳቸው ነው" የሚል ነበር። ያን ሐሳብ አልካደውም። ከዚያ ወዲያ መሄድ ግን ግድ ነው።

ደርግ ራሱ እስከ መጨረሻው በዚያው ቀጠለ፤ በግንቦት 1981 መፈንቅለ መንግሥት ከሞከሩበት ጄኔራሎች ከአንድ ዓመት በኋላ 12ቱን ገደላቸው። አገሪቱ የጦር አዛዦቿን በራሷ እጅ ቀብራ ዓመት ያህል እንደቆየች ሠራዊቱ ፈረሰ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ፍርድ ረጅም ነበር። ልዩ ዐቃቤ ሕግ ተቋቋመ፤ ችሎቱ ታኅሣሥ 4 ቀን 1987 ዓ.ም. ተከፈተ፤ አሥራ ሁለት ዓመት ፈጀ። ብዙ ሰው በዚህ መዘግየት ተማርሯል፤ እውነት አለው። ነገር ግን የደርግ ሰዎች ለስልሳዎቹ የነፈጉትን ነገር ሁሉ አገኙ፦ ክስ፣ ጠበቃ፣ ምስክር፣ መከላከያ፣ ይግባኝ። የግድያ ትእዛዝ ላይ የሰፈረው ፊርማ ችሎት ላይ ወጥቶ ተነበበ። ከፍተኛው ፍርድ ቤት በጥር 1999 ለኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያምና ለዋነኞቹ ባለሥልጣናት የዕድሜ ልክ እስራት ፈረደ። ዐቃቤ ሕግ ይግባኝ ብሎ ግንቦት 18 ቀን 2000 ዓ.ም. ጠቅላይ ፍርድ ቤት ወደ ሞት ቀየረው። መንግሥቱ በስደት ዚምባብዌ፣ ሐራሬ፤ አብዛኞቹ የተቀሩት ወኅኒ ቤት።

እንግዲህ ወሳኙ ጊዜ ይህ ነበር። በእጃቸው ያለው ደም በፍርድ ቤት የተረጋገጠ፣ አገር ሁሉ የሚያውቃቸው ሰዎች፣ ሕጋዊ የሞት ፍርድ ተፈርዶባቸው ተቀምጠዋል። የሞት ቅጣት የሚገባው ሰው አለ ከተባለ ከእነዚህ በላይ ማን አለ? የኦርቶዶክስ፣ የእስልምና፣ የካቶሊክና የፕሮቴስታንት መሪዎች መሐል ገቡ፤ እስረኞቹ ሕዝቡን ይቅርታ ጠየቁ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 28 እንዲህ ያለ ወንጀል ምሕረትም ይቅርታም እንዳይደረግለት ይከለክላል፤ ሞትን ወደ ዕድሜ ልክ መለወጥ ግን ይፈቅዳል። በግንቦት 2003 ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ የ23ቱን ቅጣት ወደ ዕድሜ ልክ ለወጡ። ጥቂት ወራት ቆይቶ ሃያ ዓመት የታሰሩት በአመክሮ ወጡ። ሰዎቹ አርጅተው ነበር።

ከተጎጂ ቤተሰቦች ብዙዎቹ አዘኑ። እኛ ሳንጠየቅ ማን ነው ይቅር የሚለው አሉ። ይህ ጥያቄ ትክክል ነው፤ ከዛፉ ሥር ያለችው እናት ጥያቄ ነው። ቤተሰቦቹ በወግ ሊጠየቁ፣ ይቅርታውም ለእነሱ በአካል ሊቀርብ ይገባ ነበር። ይሁንና ሰዎቹ ባለመገደላቸው ደስ ብሎኛል። አንድ የኢትዮጵያ መንግሥት ያለፈውን መንግሥት ሰዎች ሊገድል ሕጋዊ መብት ይዞ ሳይገድል ሲቀር የሚታየው ስንት ጊዜ ነው? ከዚያች ኅዳር ሌሊት ጀምሮ የተንከባለለው ነገር የሆነ ቦታ መቆም ነበረበት።

አሁን ወደ ኢጣልያ። ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ሲገባ በግንቦት 1983 አንዳንድ የደርግ ባለሥልጣናት ኢጣልያ ኤምባሲ ገብተው ተጠለሉ። ከእነሱ መካከል ብርሃኑ ባይህና አዲስ ተድላ እዚያው ግቢ ውስጥ 29 ዓመት ኖሩ። በሌሉበት ሞት ሲፈረድባቸው ኢጣልያ አሳልፌ አልሰጥም አለች፤ ምክንያቷም የሞት ቅጣት ነበር። በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. ቅጣታቸው ከሞት ተለውጦ በአመክሮ እንዲወጡ እስኪወሰን ድረስ በዚያው ቆዩ። አቡነ ጴጥሮስን በችሎት አስፈርዳ በጥይት ያስደበደበችው አገር ከፋሺዝም መውደቅ በኋላ በ1948ቱ (እ.ኤ.አ.) ሕገ መንግሥቷ ከጦርነት ጊዜ ወታደራዊ ሕግ በቀር የሞት ቅጣትን ከፍትሕ ሥርዓቷ አውጥታለች፤ በኋላም ሰው ይገደልብኛል ብላ የሌላ አገር ጥፋተኞችን ለሠላሳ ዓመት ያህል ቀልባለች። በአቡኑና በኤምባሲው መካከል ያለው ዕድሜ የአንድ ሰው ዕድሜ ነው። የሕዝብ አመለካከት አይለወጥም፣ ባህላችን ነው፣ ደማችን ውስጥ ነው የሚለኝ ሰው ሲገጥመኝ የምነግረው ይህን ነው።

የእኛም አመለካከት በሕጉ ላይ ተለውጧል፤ በጥቂቱ። ከግንቦት 1997 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 117 የሞት ቅጣት ፍጻሜ ላገኘ እጅግ ከባድ ወንጀል ብቻ፣ ወንጀሉን ሲፈጽም 18 ዓመት በሞላው ሰው ላይ ብቻ እንዲወሰን ያዛል። ርእሰ ብሔሩ ካላጸደቀው አይፈጸምም። በአደባባይ፣ በስቅላት ወይም ሌላ ኢሰብዓዊ በሆነ መንገድ መፈጸም ክልክል ነው። የአራዳው ዛፍና የተክለሃይማኖት አደባባይ በሕግ ተዘግተዋል ማለት ነው። ፍርዱ ግን ይቀጥላል፤ ፍርድ ቤቶች ሞት ይፈርዳሉ፣ ወረቀቱ ቤተ መንግሥት ይሄዳል፣ አይፈረምም፣ ሰውየው ይጠብቃል።

ብዙ ሰው "ታዲያ ምን ቸገረ? የማይፈጸም ከሆነ ይኑር" ይላል። የ1999 ዓ.ም. ክረምት የቸገረውን ያሳያል። በሐምሌ ወር ዐቃቤ ሕግ በተቃዋሚው በቅንጅት መሪዎች ላይ፣ ሕዝብ በመረጣቸው ሰዎች ላይ፣ ሞት እንዲፈረድ ፍርድ ቤቱን ጠየቀ። ፍርድ ቤቱ ዕድሜ ልክ ፈረደ፤ ሽማግሌዎች መሐል ገብተው በቀናት ውስጥ በይቅርታ ወጡ። በዚያው ክረምት፣ የደኅንነት ሹሙን ክንፈ ገብረ መድኅንን በ1993 በገደለው ሻለቃ ላይ የተላለፈው ፍርድ ጸድቆ ተገደለ። እኔ እስከማውቀው በሕግ ከተፈጸመው የሞት ቅጣት የመጨረሻው እሱ ነው። ሕጉ ላይ የተኛ ሰይፍ ሲፈለግ ይመዘዛል፤ መቼ እንደሚፈለግ የሚወስነው ደግሞ የወንጀሉ ክብደት ብቻ አይደለም። ተቃዋሚው ፖለቲከኛ አንዳርጋቸው ጽጌ በ2002 በሌሉበት ሞት ተፈረደባቸው፤ በሰኔ 2006 ከየመን፣ ከሰንዓ አየር ማረፊያ ተይዘው መጡ፤ አራት ዓመት ያን ፍርድ ተሸክመው ታሰሩ፤ በግንቦት 2010 በይቅርታ ወጡ። አንድ ሰው በዚያው ወረቀት ሊሞትም ሊፈታም ይችል ነበር። በወረቀቱ ላይ ግን አንድ ፊደል አልተለወጠም። የተለወጠው ዘመኑ ነው።

ሌላው የሚያሳስበኝ ከአገር ውጭ ነው። ሳዑዲ ዓረቢያ፣ አምነስቲ ኢንተርናሽናል እንደመዘገበው፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ብቻ ቢያንስ 345 ሰዎችን ገድላለች። የመንን አቋርጠው በናጅራን በኩል ሲገቡ ተይዘው በሐሺሽ ማዘዋወር ሞት የተፈረደባቸው ኢትዮጵያውያን አሉ። ቋንቋ የማያውቅ፣ ጠበቃ የሌለው፣ ብዙ ጊዜ ለደላላ ክፍያ ሲል ጆንያ የተሸከመ የገጠር ልጅ። መንግሥታችን ለእነዚህ ዜጎች መለመን አለበት፤ ግን "እባካችሁ አትግደሉብን" ብሎ የሚሄድ አምባሳደር የራሱ አገር ሕግ ምን ይላል ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ ምንድን ነው? በግድያ ወንጀል የሚከሰሱት ደግሞ፣ የቤት ሠራተኛ ሴቶችም አሉባቸው፣ በዚያ አገር ሕግ የሟች ቤተሰብ ይቅር ካለ ወይም የደም ዋጋ ከተቀበለ ይተርፋሉ። ቤተሰብ ከየአረብ አገሩ ካለው ወገን ገንዘብ ያሰባስባል። የእኛው የጥንት ሥርዓት በሌላ አገር፣ በሌላ ቋንቋ እየተፈጸመ ነው፤ የተማጽኖው ሜዳ አለ፣ የሀብታምና የደሃው ልዩነትም እንዳለ አለ።

የሚቃወመኝን ሰው ስሜት አውቀዋለሁ። አንዲት ሕፃን ተደፍራ ተገደለች የሚል ዜና በወጣ ቁጥር ፌስቡክ ላይ "በአደባባይ ይሰቀል" የሚል ጽሑፍ ይሞላል፤ ከጻፉት መካከል የማከብራቸው ጓደኞቼ፣ እናቶች አሉ። ቁጣው ተገቢ ነው። ሴት ልጅ አለችኝ፤ ዜናውን እስከ መጨረሻው ማንበብ ያቅተኛል። ግን የእነዚያን እናቶች አቤቱታ በደንብ ለሰማው ሰው ጩኸታቸው ከገመዱ በፊት ሌላ ነገር ላይ ነው፤ ሰውየው ቀደም ብሎ ተከሶ ተለቋል፣ ፖሊስ አልሰማንም፣ ማስረጃው ተድበስብሷል፣ ሽማግሌ ገብቶ በገንዘብ ተሸፍኗል። በተያዘው ላይ ሞት ቢፈረድ ያልተያዘው ምን ያስፈራዋል? ደግሞ የፖሊስ ምርመራችን ምን ያህል እንደሚታመን የምናውቅ እኛ፣ ተገርፎ አመነ የተባለውን ሰው ገድለን፣ በኋላ ሌላ እውነት ቢወጣ ማንን እንክሳለን? ለታሰረ ሰው በር ይከፈታል። በላይ ዘለቀ ግን የተሰጠው የመንገድ ስም ነው፤ ስልሳዎቹም በ1984 አፅማቸው ወጥቶ መንበረ ፀባዖት ሥላሴ በክብር ተቀበረ።

ስለዚህ የሞት ቅጣት ከሕጋችን ይውጣ ባይ ነኝ። አልተፈረመም፣ ተረስቷል፣ አይፈጸምም በሚል አይደለም፤ ይውጣ። የሟች ቤተሰብ ደግሞ ከኋላ ወንበር ይነሳ፤ በፍርዱ ሂደት ይናገር፣ ካሳ ያግኝ፣ ገዳዩ ይቅርታ የሚጠይቀው ለእሱ ይሁን። ከድሮው ሥርዓት ልንወስድ የሚገባን ግማሽ ይህኛው ነበር።

ጎረቤቶቻችን አድርገውታል። ጅቡቲ እ.ኤ.አ. በ1995 ትታዋለች። ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. በ1998 ሚያዝያ ላይ በዘር ማጥፋት የተፈረደባቸውን 22 ሰዎች በሕዝብ ፊት በጥይት ገድላ ነበር፤ ዘጠኝ ዓመት ቆይታ፣ በ2007፣ የሞት ቅጣትን ሰረዘች። ተጠርጣሪዎቹን የያዙት አገሮችና አሩሻ የነበረው የሩዋንዳ ዘር ማጥፋት ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ሰው ወደሚገደልበት አገር አንልክም ስላሉ፣ ገዳዮቹን በራሷ ምድር ለመዳኘት ስትል ነው የተወችው። ዛምቢያ እ.ኤ.አ. በ2022፣ ዚምባብዌ በ2024 ማብቂያ ላይ ተከተሉ። ጋና እ.ኤ.አ. በ2023 ያደረገችው ለእኛ ይበልጥ የሚቀርብ ይመስለኛል፤ ከ1993 ወዲህ ማንንም ሳትገድል፣ ግን ሞት መፍረዷን ሳታቆም ቆይታ፣ ምክር ቤቷ በመደበኛ ወንጀሎች ላይ የነበረውን ቅጣት አንቀጹን በማሻሻል ብቻ በዕድሜ ልክ ተካው። የኛ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 15 ማንም ሰው በሕግ በተደነገገ ከባድ የወንጀል ቅጣት ካልሆነ በቀር ሕይወቱን አያጣም ይላል፤ የሞት ቅጣትን ይፈቅዳል እንጂ ግዴታ አያደርገውም። ሕገ መንግሥት መንካት አያስፈልግም ማለት ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አንቀጽ 117ንና ሞትን የሚጠቅሱትን ሌሎች ድንጋጌዎች የሚያሻሽል አንድ አዋጅ ቢያወጣ፣ ዛሬ በየማረሚያ ቤቱ ፊርማ የሚጠብቁትንም በመሸጋገሪያ አንቀጽ ወደ ዕድሜ ልክ ቢያዛውራቸው ይበቃል። የደርግ ሰዎች ያገኙትን ነገር ማንም የማያውቃቸው እስረኞች የማያገኙበት ምክንያት አይታየኝም።